ማሽላው ረዝሞ የሚበቅልበት

በሠላሳ አራት ዓመቴ አሥራ ሦስተኛ ክፍል ገባሁ። በዚያን ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ የካናዳዋ ኦንታሪዮ እንዲህ የሚባል ክፍል ነበራት። እኛ አገር ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ወይም ትዳር። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ወሬውን ስትሰማ የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ፣

"ቆይ እስቲ፣ ስንተኛ ላይ ነው የሚለቁሽ?" አለችኝ።

"ይኼ የመጨረሻው ነው።"

"ይበሉሽ። አሥራ ሁለተኛንም እንደዚያ ብለው ነው ያስጨረሱሽ።"

ሁለታችንም የምንሠራው ቶሮንቶ ዳር፣ ሬክስዴል፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ፣ የአውሮፕላን ምግብ የሚሰናዳበት ድርጅት ውስጥ ነበር። ትሪዎቹ በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ ተደርድረው በፊታችን ያልፋሉ፤ እሷ ዳቦና ቅቤ ታስቀምጣለች፣ እኔ ማንኪያና ሹካ። ማንኪያው ተንጋዶ ያለፈ እንደሆነ እጄን ሰድጄ አቀናው ነበር። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰማይ ላይ ማን ያየዋል?" ትለኛለች። ሰማይ ላይ የሚያይ እንዳለ ለእሷ መንገር አያስፈልግም፤ ከእኔ ይልቅ ሶላቷን በሰዓቱ የምትሰግደው እሷ ናት።

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ፣ በማታ ትምህርት ቤት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጠባዩ አንድ ነው፤ ሌላው የጻፈውን ሲያይ ያምናል፣ ራሱ ሲጽፍ ግን ሦስት ጊዜ ይሰርዛል። ያን ዓመት የላይብረሪ ሥራ የሚያስተምር አንድ ኮሌጅ ቦታ ሰጥቶኝ ነበር፤ የሰጠኝ ግን አንድ ነገር አስይዞ ነው፦ የጂኦግራፊውን ኮርስ እስከ ሰኔ ማለፍ አለብኝ። ካለፍኩ ከመጽሐፍ ጋር እውላለሁ፤ ከወደቅኩ ከማንኪያ ጋር።

ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። መምህሯ ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንስ፣ እንግሊዝ አገር በገበሬ ቤት ያደገች፣ ከቦት ጫማዋ ላይ ጭቃ የማይጠፋ ሴት ነበረች። ቶሮንቶ መሃል ያን ሁሉ ጭቃ ከየት እንደምታገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ መጋረጃውን ዘግታ ስላይድ አሳየችን። በጎች የሚግጡበት አረንጓዴ መስክ ነው። ግን መሬቱ ለጥ ያለ አይደለም፤ ሹሩባ የተሠራ ራስ ይመስላል፤ ጉብታ፣ ትልም፣ ጉብታ፣ ትልም፣ ከዳር እስከ ዳር።

የመካከለኛው ዘመን ገበሬዎች ያረሱት ነው አለች። መንደሩ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ መሬቱ ወደ ግጦሽ ስለተመለሰ ግን ትልሙን ያፈረሰው የለም። ቀጥላ ከአውሮፕላን ላይ የተነሳ ፎቶ አሳየችን፦ ዝናብ ያጠረው የገብስ ማሳ፣ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ ግን አረንጓዴ መስመሮች የቤትና የጓሮ ቅርጽ ሠርተው ይታያሉ። ከሥሩ የተደፈነ የድሮ ቦይ አለ፤ እዚያ ላይ የበቀለው ገብስ እርጥበት አላጣም፤ ሰው የኖረበትን ቦታ እህሉ ራሱ ያሳብቅበታል አለችን። እኔ ይኼን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ በቀይ አሰመርኩበት፣ ገጹን ገለበጥኩ፣ ረሳሁት።

የመጨረሻው ፔፐር የኮርሱን ግማሽ ነጥብ የያዘ ነበር። "በእግራችሁ የምታውቁትን መሬት ምረጡ፤ ከእናንተ በፊት የኖረው ሰው ምን እንደተወበት ንገሩኝ" አለች። ጎኔ የሚቀመጠው ጣሊያናዊ የአያቱን የወይን ተክል ተራራ መረጠ። ከዌስተን የምትመጣው ሴትዮ የሰፈሯን ወንዝ። እኔ ኢፋትን መረጥኩ።

የተወለድኩት ከሸዋ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ቁልቁለቱ ከላይ እስከ ታች እርከን ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክቦ፣ ጠባብ ጠባብ ማሳ እንደ ደረጃ ተቀምጦበት። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ካቡ ሲናድ ባለ ማሳው ላዩን ይጠግናል፤ ሥሩን ግን አይነካውም። "ሥሩ የድሮ ሰዎች ነው" ይባላል። በዚያ አገር እዚህም እዚያም የኢፋት ሱልጣኖች ዘመን የድንጋይ መንደሮችና መስጊዶች ፍርስራሽ እንዳለ ከቤተ መጻሕፍት ከተዋስኩት መጽሐፍ ላይ አነበብኩ። ሳነብ ልቤ ዘለለ፤ ምክንያቱም እኔም አንድ ነበረኝ።

ከአባቴ ማሳ በላይ ጉብታ ላይ አንድ የድንጋይ ካብ ነበረ፤ ቁመቱ እስከ ወገብ፣ ጣሪያ የሌለው፣ አራት ማዕዘን ለመሆን ሞክሮ ያልተሳካለት። በሰሜን በኩል ካቡ ክፍተት አለው። የመንደሩ ልጆች ሁሉ "የድሮ ሰዎች መስጊድ" እንለዋለን። ስንገባ ቢስሚላህ ብለን፣ በቀኝ እግራችን፣ ጫማ ያለውም ጫማውን አውልቆ ነው። በመኸር ጊዜ እናቶቻችን አንድ አንድ እፍኝ ማሽላ ያኖሩበት ነበር። ከመንደሬ የወጣሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ቢሆንም የዚያን ካብ ድንጋዮች ዓይኔን ጨፍኜ ልቆጥራቸው እችል ነበር።

ከፔፐሩ አሥራ አምስት ገጽ አሥራ አንዱን ለመስጊዱ ሰጠሁት። የቆጠርኩትን እርምጃ ወደ ሜትር ለወጥኩ፤ የልጅ እርምጃ አጭር ነውና ለእሱም ሂሳብ ያዝኩለት። ከእኛ አገር መካ በስተሰሜን ነው፤ ስለዚህ በሰሜን ያለው ክፍተት የፈረሰ ሚህራብ ነው አልኩ፤ ኢማሙ ፊቱን ወደ መካ አዙሮ የሚቆምበት ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ "ምናልባት" እያልኩ ነበር የምጽፈው። ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ግን ምናልባቱን ሳይታወቀኝ ጣልኩት። በንጹሕ ወረቀት ታይፕ አድርጌ ጨረስኩ፣ ፋይል ውስጥ አስገባሁት፣ በቀን አንድ ጊዜ እያወጣሁ አየው ጀመር።

ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የጓደኛዬ አባት ካገር ቤት መጡ።

ጓደኛዬ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ያደገች ስለሆነች ስለ አባቷ አገር ስትጠየቅ "ቆላ ነው፣ ይሞቃል" ትላለች፤ ከዚያ ያለፈ አታውቅም፤ እኔም አጥብቄ ጠይቄያት አላውቅም። የምንኖረው አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እኔ አራተኛ ፎቅ፣ እሷ አሥራ አንደኛ።

"ባልኮኒው ላይ ይወጣሉ፣ እዚያው ይውላሉ" አለችኝ። "ቲቪ ብከፍትላቸው አያዩም። የሚያዩት ሜዳውን ነው። እስቲ እሁድ ነይና አጫውቻቸው፤ አንቺ ከሽማግሌ ጋር ትግባቢያለሽ።"

ምስጋና መሆኑን አላጣራሁም። እሁድ ወጣሁ። ሽርጣቸውን አገልድመው፣ በላዩ ላይ የልጃቸውን የክረምት ጃኬት ደርበው፣ ነጭ ኮፊያ አድርገው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ባልኮኒው ላይ ተቀምጠዋል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ነይ ቁጭ በይ። እዚያ ቤት ነበረ።"

"የት?"

ከሕንፃው ሥር፣ ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ምሶሶዎች የቆሙበትን ባዶ ሜዳ በከዘራቸው አመለከቱኝ። በረዶው ቀልጦ ማለቁ ነው፤ ሣሩ ገና ቡናማ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሌላው ቀድሞ ለምልሟል።

"ማዳበሪያ ተደፍቶበት ይሆናል፣ አባባ።"

"ማዳበሪያ ማዕዘን አለው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ማዕዘን ነበረው፤ አራት። ስሳሳት አልወድም፤ ሌላ ሰው ልክ ሲሆንም ትንሽ ያመኛል፤ ስለዚህ ወሬውን ወደ አገር ቤት አዞርኩት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የአባቴንና የመንደሬን ስም ስነግራቸው ዞር ብለው ፊቴን መረመሩት።

"ያ በሬውን 'እባክህ' እያለ የሚያርሰው?"

"እሳቸው ናቸው።"

"አላህ ይርሐመው! ጎረቤቴ እኮ ነው። ከእሱ በላይ ያለው ማሳ የእኔ ነበር። እሱ በሬውን ሲለምን እኔ ላይ ሆኜ እስቅ ነበር። የሚገርመው በሬው ይሰማው ነበር።"

ከሃያ ዓመት በኋላ መልካቸውን አላወቅኩትም ነበር፤ አሁን ሌላውን መስማት አልቻልኩም። ከአባቴ ማሳ በላይ! ከመስጊዱ አጠገብ ያረሱ ሰው፣ ሬክስዴል፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ! ሊፍቱን መጠበቅ አቅቶኝ በደረጃ ወርጄ ፔፐሬን አመጣሁ። ጓደኛዬ በር ስትከፍትልኝ ፋይሉን አይታ፣ "አባዬ፣ ፈተና መጣብዎት" አለች ወደ ውስጥ።

ፊደል አይለዩም፤ የሳልኩትን ካርታ ግን ገና በእጃቸው ሲይዙት አወቁት። ጣታቸውን ላዩ ላይ እያስኬዱ፣ "ይኼ ወንዙ ነው። ይኼ ወደ ውሃው መውረጃ። ይኼ የአባትሽ ማሳ፤ በሬ ማሳረፊያውን ረስተሻል። ይኼ የእኔ ማሳ። ይኼስ? ይኼ ራሱ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"መስጊዱ ነዋ።"

"የምን መስጊድ?"

"የድሮ ሰዎች መስጊድ። ከአንቱ ማሳ ራስ፣ ጉብታው ላይ ያለው።"

ካርታውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ቀጥሎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የታመሙ መስሎኝ ልጃቸውን ልጠራ አፌን ስከፍት፣ ሳቅ ነው። ኮፊያቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ እሱን እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ!"

"ምኑን?"

"ካቡን! ገና ሳላገባ። የዝንጀሮ መጠበቂያዬ ነው። ማሽላዬን ሊጨርሱብኝ ሆነ፤ ድንጋይ ክቤ፣ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብዬ በወንጭፍ እላቸው ነበር።"

"በሰሜን በኩል ያለው ክፍተትስ?"

"በየት በኩል ልወርውር ታዲያ? ዝንጀሮዎቹ የሚመጡት በሰሜን ነዋ!"

"ልጆቹ ሁሉ መስጊድ ነው ይሉ ነበር" አልኩ። ድምፄ ልመና እየሆነ መምጣቱ ለራሴም ተሰማኝ።

"እኔ ነኛ ያልኳቸው! ፍየል ሲጠብቁ እየወጡበት ካቤን ናዱት። ብቆጣ አልሰማ አሉ። አንድ ቀን 'የድሮ ሰዎች መስጊድ ነው፣ ጫማችሁን አውልቁ' አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ድንጋይ አልጎደለም።" ትንሽ አሰቡና አዩኝ። "አንቺም አውልቀሽ ነበር?"

"በቀኝ እግሬ ነበር የምገባው።"

"ማሻአላህ።"

"እናቶቻችንም ማሽላ ያኖሩበት ነበር።"

"እሱን አታንሺብኝ! እኔ ቀኑን ሙሉ ዝንጀሮ ሳባርር እውላለሁ፤ የእናንተ እናቶች ቀለብ ያስቀምጡላቸዋል!"

ጓደኛዬ የባልኮኒውን በር ይዛ ቁጭ ብላ ነበር፤ ቆማ መሳቅ አልቻለችም። "ፕሮፌሰር" አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ "አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ዝንጀሮ ጻፍሽ?"

በሊፍት ወረድኩ። አሁን የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም።

በማግስቱ፣ ትሪው በፊታችን ሲያልፍ፣ ጓደኛዬ ሳቋ ወጥቶላት ልቧ ራርቶልኝ ነበር። "ስሚ፣ ዝም ብለሽ ሰብሚት አድርጊው" አለችኝ። "መምህሯ ኢፋት ድረስ ሄዳ ዝንጀሮ ልትጠይቅ ነው?"

"ውሸት ነው።"

"ስትጽፊው ውሸት አልነበረም። ሳታውቂ ጻፍሽ፣ ሳታውቂ አስረክቢ።"

አሰብኩበት፤ አላሰብኩበትም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። እንዳለ ካስረከብኩት አልፋለሁ፤ በጥሩ ነጥብ። አሥራ አንዱን ገጽ ካወጣሁት የሚቀረኝ አራት ገጽ ነው፤ በአራት ገጽ የሚያልፍ ሰው የለም። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ማንኪያ ሳላቀና ዋልኩ። ስንት ሰው ተንጋዶ በልቶ ይሆን።

በሦስተኛው ቀን የቱን ገጽ ላድን፣ የቱን ልጣል ብዬ እንደገና አነበብኩት። ሰባተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ "በምሥራቁ ጥግ ያለው ድንጋይ በአራት ጎኑ የተጠረበ ነው፤ ባንደኛው ጎኑ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል።" እውነት ነው፤ ልጅ ሆኜ ያን ነጩን በጥፍሬ እፈቀፍቀው ነበር፤ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ዝንጀሮ የሚጠብቅ ጎረምሳ ድንጋይ ይጠርባል? ኖራስ ይለስናል?

ወጣሁ። ሽማግሌው ከባልኮኒው አልተነሱም።

"አባባ፣ ድንጋዩን ከየት ነው ያመጡት?"

"አሁንም አልተውሽኝም?"

"የተጠረበውን ማለቴ ነው። ጥግ ላይ ያለውን።"

"እሱን ተጠርቦ ነው ያገኘሁት። ከአባትሽ ማሳ ነዋ፤ ከአመዶው።"

አመዶ የሚሉት የአባቴ ማሳ መሃል ያለውን አንድ ቁራጭ መሬት ነው። አፈሩ እንደ አመድ የጠቆረ ነው። ማሽላው እዚያ ላይ ከሌላው አንድ ክንድ ረዝሞ ይበቅላል፤ እኛ ልጆቹ ድብብቆሽ ስንጫወት የምንሸሸግበት እሱ ውስጥ ነበር።

"እዚያ ከሥር ድንጋይ ነው" አሉኝ። "ማረሻ ይሰብራል። አባትሽ እዚያ ሲደርስ በሬውን እየለመነ ያዞረዋል፤ እዚያን በዶማ ነው የሚቆፍረው። ወጣ ያለውን ድንጋይ ለቅሞ ዳር ላይ ይከምረዋል። ከክምሩ ወሰድኩ።"

"ሳይጠይቋቸው?"

"ዝንጀሮው የእኔን ማሳ ሲጨርስ የሚወርደው ወደ እሱ ነው። ለሁለታችንም ነው የጠበቅኩት።"

ያኔ ሁሉም ነገር ወደ ዓይኔ መጣ። የአባቴ ትልም ቀጥ ብሎ ሄዶ አመዶው ጋ ሲደርስ መታጠፉ። ዝናብ ሲያባራ እዚያ ላይ ሰማያዊ ዶቃና የሸክላ ስባሪ መልቀሜ። ዶቃውን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አስሬው ነበር እኮ! ስለዚያ ቦታ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ዶቃ የለቀምኩበትን ትቼ የወንጭፍ መወርወሪያ ለካሁ።

"ማሽላው ለምንድን ነው እዚያ የሚረዝመው?" አልኩ፤ መልሱን እያወቅኩት።

"ሰው ኖሮበታላ! እሳት ነድዶበታል፣ ከብት አድሮበታል፣ ጥራጊ ተደፍቶበታል። ሰው የኖረበት መሬት ይወፍራል።" ከዘራቸውን ወደ ሜዳው ዘረጉት። "ቤት ነበረ ስልሽ ማዳበሪያ ነው አልሽኝ።"

በቀይ ያሰመርኩበት ገጽ ትዝ አለኝ። መምህሯ በስላይድ ያሳየችኝን፣ በእጄ የጻፍኩትን ነገር፣ ሽማግሌው በባልኮኒ ሲያሳዩኝ ማዳበሪያ አልኩት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። "ከእርከኑና አመዶው ሥር ከተቀበሩት ቤቶች የቱ ይቀድማል?"

 በእጃቸው አየር ላይ ካብ ካቡ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ጎበጡ፣ ቀጠሉ። "ካቡ ቀጥ ብሎ ይመጣና አመዶው ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ዞሮት ያልፋል። ከሥር ያለውን፣ የድሮውን ነው የምልሽ። ባዶ መሬት ቢሆን ምን ያዞረዋል? ድንጋይ ተሸክሞ ያለ ምክንያት የሚዞር ሰው አይቼ አላውቅም።"

ስለዚህ እርከኑ ሲካብ ቤቶቹ እዚያው ነበሩ። ይኼን ከየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም።

"አሁን ነይ እንውረድ" አሉ። "ካላየሽ አታምኚም አንቺ።"

ሊፍቱ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ አደረጉ፤ ሜዳው ላይ ግን እኔ ነኝ ከኋላ የቀረሁት። የለመለመው ቦታ ዳር ላይ ቆመው ከዘራቸውን ወጋ ወጋ አደረጉት። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰጠ። ጎንበስ ብዬ አፈሩን በጣቴ ስገፋው ቀይ ጡብ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ጡብ፤ በአንድ መስመር። ከሥሩ አውራ ጣት የምታህል የሳህን ስባሪ አወጣሁ፤ ሰማያዊ አበባ የተሳለባት። አንድ የድሮ ገበሬ ቤት መሆን አለበት፤ አሁን ሬክስዴል ያለው ሕንፃ ሁሉ ያኔ እርሻ ነበር። ሽማግሌው ስባሪዋን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋትና፣

"የእነሱ ገል ያምራል" ብለው ኪሳቸው ከተቷት።

በቀሩት ቀናት ከሥራ ስመለስ ጻፍኩ፤ እንደገና ታይፕ አደረግኩ። አሥራ አንዱ ገጽ አንድ አንቀጽ ሆነ፤ "ይህ ካብ የመካከለኛው ዘመን መስጊድ ነው ብዬ አምን ነበር። አይደለም። የሠራው ሰው በሕይወት አለ፤ ሬክስዴል ይኖራል፤ መስጊድ ነው የሚለውን ወሬ ያስወራውም እሱ ራሱ ነው።" ይኼን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት። የቀረው ስለ አመዶው ነው፤ ስለ አፈሩ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዶቃው፣ ስለሚታጠፈው ትልምና ስለሚታጠፈው ካብ። "ምናልባት" የሚለውን ቃል በየቦታው መልሼ አስገባሁት፤ ስቆጥረው አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

የመጨረሻው ቅዳሜ እያንዳንዳችን ክፍል ፊት ቆመን እንናገራለን። ሽማግሌው ካልመጣሁ አሉ። "ስለ እኔ እየተወራ እኔ አልሰማም?" ጃኬቱን በሽርጡ ላይ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከጣሊያናዊው ጎን ተቀመጡ። ተራዬ ከመድረሱ በፊት መምህሯ ያንን ሹሩባ የመሰለ መስክ እንደገና አሳየች። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት።

"ስንት በሬ ነው የሚጠምዱት?" አሉኝ ጆሮዬ ላይ።

ጠየቅኩላቸው። እስከ ስምንት ድረስ አለች።

"ስምንት! እርሻ ነው ወይስ ሰርግ?"

ተረጎምኩት፤ ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ተነስተው ወደ ስክሪኑ ሄዱና የትልሙን ጫፍ በከዘራቸው ተከተሉት። "ለዚህ ነዋ ጫፉ ላይ የሚጣመመው። ሁለት በሬ ባለበት ይዞራል። ስምንት በሬ ግን ገና ከሩቁ መዞር ካልጀመረ አይዞርም።"

መምህሯ ጠመኔዋን አስቀመጠች። "አስቀድመሽ ነግረሻቸው ነው?" አለችኝ።

"አልነገርኳቸውም። እኔም አላውቀውም ነበር።"

"እኔም ገና አላስተማርኳችሁም" አለችና ያሉትን ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ከዚያ እኔ ቆምኩ። መስጊዱ ላይ እንደተሳሳትኩ ስናገር እንግሊዝኛ የማያውቁት ሽማግሌ የትኛው ቦታ ላይ እንደደረስኩ አውቀው ራሳቸውን በኩራት ነቀነቁ። ስጨርስ መምህሯ እሳቸውን አየች። "ቤቶቹ የስንት ዓመት ናቸው ይላሉ?"

"አላህ ነው የሚያውቀው" አሉ።

"አናውቅም" ብዬ ተረጎምኩ። "በዕድሜ ከእርከኑ እንደማያንሱ ብቻ ነው የምናውቀው።"

ሰማንያ አንድ አገኘሁ። ኅዳጉ ላይ አንድ ማስታወሻ ብቻ ነበረበት፤ የአመዶው ስፋት አልተገለጸም ይላል። ልክ ናት። ስንት እርምጃ እንደሆነ አላስታውስም፤ በልጅነቴ ስለካ የዋልኩት ሌላውን ነው። የኮሌጁ ደብዳቤ ሰኔ ሳያልቅ መጣ። ጓደኛዬ መስመሩ ላይ ጮክ ብላ አወራችውና፣ "አሁን ለቀቁሽ?" አለችኝ። "ገና ሁለት ዓመት" አልኳት። ራሷን ያዘች።

ሽማግሌውን ላመሰግን ስሄድ ባልኮኒው ባዶ ነበር። ሜዳው ላይ አገኘኋቸው። የለመለመውን ቦታ ቆፍረው በቆሎና ጎመን ዘርተውበታል፤ በቆሎው ጉልበታቸው ደርሷል።

"ስንት አገኘን?" አሉኝ።

"ሰማንያ አንድ።"

"የእኔ ስንቱ ነው?"

"ከግማሽ አያንስም።"

"ነጥቡን ውሰጂው፤ አንድ ነገር ጻፊልኝ።" ከአጥር የወለቀ ሰሌዳ አሳዩኝ። የሕንፃው ልጆች በቢስክሌት ጎመናቸው ላይ እየሄዱ አስቸግረዋቸዋል። "በእንግሊዝኛ አድርጊው። 'መስጊድ ነው፣ ጫማችሁን አውልቁ' በይ።"

"አባባ፣ ይኼን አልጽፍም።"

"ለምን? ኢፋት ላይ ሠርቷል እኮ!"

"በማን ላይ እንደሠራ አውቃለሁ።"

ሳቁና ቀለሙን ሰጡኝ። ሣሩ ላይ ተቀምጬ ቀስ ብዬ፣ ፊደሎቹን እኩል አድርጌ ጻፍኩ። ሲደርቅ ሰሌዳውን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

"ምን አልሽ?"

"'እዚህ ድሮ ሰው ይኖር ነበር። እባካችሁ ዞራችሁ እለፉ።'"

"እባካችሁ?"

"አዎ።"

"የአባትሽ ልጅ ነሽ" አሉና ሰሌዳውን በከዘራቸው እየመቱ ተከሉት።

ይሠራል ብዬ አላመንኩም ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ኮሌጅ ልገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረኝ፣ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ ባልኮኒ ቁልቁል አየሁ። ቢስክሌቶቹ ሜዳው ላይ ቀጭን መንገድ አውጥተዋል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይመጣና፣ በቆሎው ጋ ሲደርስ ይታጠፋል።